ሻርክ ቢጠፋ ምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ከወንድሜ ጋር ዶክመንተሪ እያየን ተጨቃጨቅን። እሱ ሻርክ ሰው በላ ነው፣ ድራሹ ቢጠፋ ዓሣው ይበዛል እንጂ ምን ይጎድላል ባይ ነው። እኔ ልክ አልመሰለኝም ግን የምመልስለት አጣሁ። ደሞስ ያን በሚያህል ባህር ውስጥ የሚኖር ነገር እንዴት ብሎ ነው የሚያልቀው? (ቤ.)

መልስ፦ ቤዬ፣ ልክ ነሽ፣ ግን መጀመሪያ "ሻርክ" ስንል ከ500 በላይ ዝርያ ነው። ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ አለ፣ ደሞ ዌል ሻርክ አለ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ የሚበላው ግን በአብዛኛው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ነገር ነው (ስሙ እንዳይሸውድሽ፣ አሣ ነባሪ አይደለም)። ሰው የሚነክሱት ጥቂቶቹ ናቸው፣ በዓለም ዙሪያ በነሱ የሚሞተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ10 ብዙ አይዘልም፣ እኛ የምንገድላቸው ግን በአስር ሚሊዮኖች ነው።

ምን ይጎድላል ላለው፣ ምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ የሚባል ቦታ ሰፊ የባህር ሳር አለ፣ ዱጎንግ የምትባል ትልቅ አጥቢ እንስሳ ትግጠዋለች። ሳሩን ከነሥሩ ለመንቀል አፏን አሸዋው ውስጥ ቀብራ ነው የምትቆፍረው፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ምን እንደመጣባት አታይም። እና ታይገር ሻርክ በሚበዛበት ወቅት ቁፋሮውን ትቀንስና ቅጠል ቅጠሉን ትቀነጥባለች፣ ለማምለጥ ወደሚመቻት ወደ ጥልቁ ዳርም ትጠጋለች። ሥሩ ተረፈ ማለት ነው፣ ሻርኩ ማንንም ሳይነክስ! ሁሉም ዝርያ ሁሉም ባህር ላይ እንዲህ ይሠራል ግን አልልሽም።

እንዴት ያልቃል? አወላለዱ ነው ጉዱ። ኮድ የሚባለው ዓሣ ሚሊዮኖች እንቁላል ይጥላል፣ ሳንድ ታይገር ሻርክ ግን ሁለት ማህፀን አላት፣ በየማህፀኑ ቀድሞ ያደገው ጽንስ ወንድም እህቶቹን እዛው ሆድ ውስጥ ይበላቸውና ሁለት ብቻ ይወለዳሉ፣ እሱም በየዓመቱ አይደለም። የግሪንላንድ ሻርክማ ለመውለድ የምትደርሰው ወደ 150 ዓመት ሲሆናት ነው ተብሎ ይገመታል። በዚህ አካሄድ የሚወልድን እንስሳ እንደ ሰርዲን ካጠመድሽው ምን ይተርፋል? የክፍት ውቅያኖስ ሻርክና ሬይ (የሻርክ ዘመድ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ) እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ ቀንሷል።

መንግሥታት ዝም አላሉም፣ ፓላው የምትባል የፓሲፊክ ደሴት አገር እ.ኤ.አ. በ2009 ውሃዋን በሙሉ ለሻርክ ጥብቅ አድርጋለች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደሞ እነ ሃመርሄድ (ራሱ መዶሻ የሚመስለው ሻርክ) ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ሳይፈለግ የሚያዘው ነው፣ ለቱና የተዘረጋ ረጅም የመንጠቆ ገመድ ላይ ሻርክም ይነክሳል፣ የንግድ ሕግ እዛ ድረስ አይወርድም። መንጠቆው ከገመዱ የሚያያዝበት ሽቦ ከሆነ አለቀለት፣ ናይለን ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ በጥርሱ በጥሶት ይሄዳል፣ መንጠቆው አፉ ላይ እንደተሰካ ቢሆንም።