እኅትማማቾችና የሃዋይ ባህላዊ ዜማ፦ ጥያቄና መልስ

የሃዋይን ባህላዊ ዜማ አብረው የሚጫወቱ ወጣት እኅትማማቾችን የሰሙ አንባቢዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኅትማማቾች ተሰባስበው ማዜማቸው በሃዋይ የቆየ ልማድ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ቤተ መንግሥቱ ሳይቀር በዚህ ይታወቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ካላካዋ፣ እኅቶቻቸው ሊሊኡኦካላኒና ሊኬሊኬ፣ እንዲሁም ወንድማቸው ሌሌዮሆኩ አራቱም ዜማ ደራሲዎች ነበሩ፤ የየራሳቸውን የዘፋኞች ማኅበር ይዘውም ይፎካከሩ ነበር። ከንጉሣውያኑ ውጭ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው የፋርደንን ቤተሰብ ነው። በ1911 የተወለዱት ወይዘሮ ኢርምጋርድ ፋርደን አሉሊ በማዊ ደሴት፣ በላሃይና ከተማ፣ ከአሥር በላይ ልጆች በሚዘፍኑበትና በሚጫወቱበት ቤት አደጉ። ከእኅቶቻቸው ጋር ያዜሙ ነበር፤ እኅታቸው ኤማ ደግሞ ስመ ጥር የሁላ ውዝዋዜ መምህርት ሆኑ። ኢርምጋርድ በኋላ ከሴት ልጆቻቸውና ከአንዲት የቅርብ ዘመዳቸው ጋር ፑአማና የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ፑአማና ያደጉበት ቤት ስም ሲሆን፣ ስለዚያው ቤትና በዙሪያው ስለቆሙት የኮኮናት ዛፎች የደረሱት ዜማም በዚሁ ስም ይጠራል። በኦገስት 2023 እሳት አብዛኛውን የላሃይናን ክፍል ካወደመ ወዲህ ይህን ዜማ ስሰማ ልቤ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የእኅትማማቾች ድምፅ እንደ አንድ ሰው ድምፅ የሚዋሃደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የጉሮሮ መመሳሰል አንዱ ምክንያት ነው፤ እኔ ግን ዋናው ምክንያት አነጋገር ነው ባይ ነኝ። በሃዋይ ቋንቋ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል በአናባቢ ድምፅ ያልቃል። በዚህ የተነሳ ዘፋኞቹ የሚያስረዝሙት አናባቢውን ነው፤ ሦስት ሰዎች አንዱን አናባቢ በተለያየ የአፍ ቅርጽ ቢያወጡት ስምምነቱ ወዲያው ይሻክራል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ አፋቸውን የፈቱ እኅትማማቾች ግን ይህን ሳይነጋገሩ ያስተካክሉታል፤ አንዷ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታም ሌሎቹ ቀድመው ያውቁታል። በዚህ ላይ ሃኢ የሚባል የሴቶች የአዘፋፈን ስልት አለ። ድምፅ ከደረት ወደ ራስ ሲሻገር የሚሰማውን ስብራት ሌሎች የአዘፋፈን ትምህርቶች እንዲደበቅ ሲያደርጉ፣ በሃዋይ ግን ጎልቶ እንዲሰማ ይፈለጋል፤ ለእኔም የዚህ ዜማ ትልቁ ውበት እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወጣቶቹ የቋንቋውን ትርጉም ያውቁታል ወይስ ቃሉን ብቻ ሸምድደው ነው?

መልስ፦ ይህ የሚያም ታሪክ ያለው ጥያቄ ነው። በ1896 የወጣ ሕግ እንግሊዝኛን የትምህርት ቤቶች መማሪያ ቋንቋ በማድረጉ፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ብዙ ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ በሚገባ ሳይዙ አደጉ። ኢርምጋርድ እንኳ ፑአማናን ሲደርሱ ለሃዋይኛው ግጥም የአባታቸው እርዳታ አስፈልጓቸዋል። በ1978 ቋንቋው በክፍለ ግዛቲቱ ሕገ መንግሥት እንደገና ይፋዊ ቋንቋ ሆነ፤ በ1984 ደግሞ ፑናና ሌኦ የተባሉት በሃዋይኛ ብቻ የሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ትምህርት ያለፈች ወጣት የምታዜመውን ከአያቷ በተሻለ የምትረዳበት ጊዜ አለ። ትርጉሙን ማወቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ግጥሙ ካኦና ስላለው ነው፤ ካኦና ከእኛ ሰምና ወርቅ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነው። ዝናብ፣ አበባ ወይም የአንድ ቦታ ስም እንደ ሰም ከላይ ይነገራል፤ ከሥሩ ግን አንድ የተወደደ ሰው ወይም የተሰወረ ፍቅር ይገኛል።

ጥያቄ፦ መሣሪያዎቹ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ኡኩሌሌ፣ ጊታርና ባስ ይበዛሉ። ኡኩሌሌ በ1879 ከማዴራ ደሴት በመጡ ፖርቱጋላውያን ሠራተኞች እጅ ከገባችው ትንሽ ጊታር የተገኘ ሲሆን አራት ክሮች አሉት። ጊታሩ ብዙ ጊዜ ኪ ሆአሉ በሚባለው ስልት፣ ማለትም አንዳንድ ክሮቹን በማላላት ይቃኛል፤ ቀደም ሲል ቤተሰቦች ቅኝታቸውን ከባዕድ ጆሮ ይሰውሩት ነበር።

ጥያቄ፦ ወረቀት ሳያዩ የሚቀጥለውን ስንኝ በአንድነት የሚጀምሩት እንዴት ነው?

መልስ፦ በስንኞች መካከል አጭር የመሣሪያ መሸጋገሪያ አለ። በዚያ ጊዜ አንዷ የሚቀጥለውን ስንኝ መነሻ ቃላት ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ይህ ጥሪ ካሄአ ይባላል። ጥሪው ዘፋኞቹን ብቻ ሳይሆን ሁላ የሚወዛወዙትንም ይመራል።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ይህን ዜማ ቢማሩ ከየት ይጀምሩ?

መልስ፦ ከአንድ ኡኩሌሌና ከአንድ አጭር ዜማ ይጀምሩ። ድምፅ ለመከፋፈል አይቸኩሉ፤ በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ቃል አነባበብና ትርጉም ከቋንቋው ተናጋሪ ይማሩ፤ ከዚያም ሦስቱም ዋናውን ዜማ በአንድነት ያዚሙ። አናባቢዎቹ ሲገጥሙ ታላቂቱ ዝቅ ያለውን፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ደግሞ የላይኛውን ትሞክር። የካሄአውን ጥሪ ለታናሺቱ ይስጧት፤ ቃላቱን በቃሏ እንድትይዝ ያስገድዳታል።