የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመንዝ ዘሬን ከየት ጀምሬ ልቁጠር?

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ ከመንዝ ማማ ምድር ወደ ደብረ ብርሃን እንደወረዱ ይነገራል። በአባቴ በኩል ከአራት ስም በላይ አላውቅም። የት ሄጄ፣ ምን መዝገብ ልጠይቅ?
ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ቀበሌ በመሄድ አይጀምሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ቅድመ አያትዎ እዚያ አይገኙም።

ትልቁ ስሕተት በአባት በኩል ብቻ መቁጠር ነው። መንዝ ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ቤተሰቡ የሚጠራው አቅኚ አባት (መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው) በአያትዎ እናት በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የእናቱን ስምና የትውልድ መንደሯን ይጻፉ። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራልና ሽማግሌ ሆነው ያጋቡ ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሮጊቶች፣ ይህን ያውቁታል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቁ። ለርስት ክርክር የተቆጠረ ዘር መሃሉን ሊዘል ይችላል፦ ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይያዙ፤ አራት ስም 200 ዓመት ከሸፈነ የጎደለ ስም አለ።

ስም ራሱ ያሳስታል። አንጎለላ የተወለዱትን ምኒልክን ይመልከቱ፤ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነው። የእርስዎም ሰው በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ በክርስትና ስማቸው፣ በግብር ደረሰኝ በዓለም ስማቸው ሊገኙ ይችላሉ። ሦስቱንም ሳይዙ አይሂዱ።

ከዚያ ወረቀቱ። ከየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የተከፈለ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ ኑዛዜና የርስት ፍርድ ብዙ ጊዜ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሲዘረጉት እጥፋቱ ላይ ስለሚቀደድ ቀስ ይበሉ። የሰንበቴና የዕድር መዝገብም ይጠይቁ። ደብሩ ጥንታዊ ከሆነ በብራና መጻሕፍቱ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። አስተዳዳሪውን በቅድሚያ ያስፈቅዱ፤ ከተፈቀደልዎ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ። ደብሩ በቅርብ የተተከለ ከሆነ ግን ቀድሞ ምእመኑ ይሄድበት የነበረውን ደብር ይጠይቁ።

ዓመት የማያውቁ አዛውንትን «ስንት ዓመትዎ ነው?» አይበሏቸው። «በሰገሌ ጊዜ እናትዎ አግብተው ነበር?» ይበሏቸው። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ 1911፣ የጣሊያን መግባት 1928፣ መውጣቱ 1933 ነው፤ ለቀደሙት ደግሞ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ይሆናል። የክርስትና ቀን ከተገኘ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ የልደቱ ቀን ይቀርባል፤ ሕፃን ታሞ ቀድሞ ከተጠመቀ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።