12ቱን ቴንስ በቃሌ ይዣለሁ፣ ስናገር ግን ይጠፋብኛል

እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ የብዙ ሰው ነው። 12ቱን የእንግሊዝኛ ቴንስ (ድርጊቱ መቼ እንደሆነ የሚያሳዩትን የግስ አገላለጾች) ሸምድደሻል፣ ሰንጠረዡን አይንሽን ጨፍነሽ ትጽፊዋለሽ፣ ሰው ፊት አፍሽን ስትከፍቺ ግን ሁሉም ይደባለቅብሻል። አንድ ሬጉላር ቨርብ (ያለፈውን "ኢዲ" በመጨመር የሚያሳይ ግስ) ይዞ ከላይ እስከ ታች የሚያሳየኝ አለ ወይ ነው ያልሽው። እኔ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ስለቆየሁ ከዛ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርጊው። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን 12 የተለያዩ ነገሮች ያሉ ያስመስላል። "ወርክ"ን ውሰጂ። ይሄ ቨርብ ያለው አራት መልክ ብቻ ነው፦ ወርክ፣ ወርክስ፣ ወርክድ፣ ወርኪንግ። አለቀ። የኛን "ሰራ" ደግሞ አስቢው፦ ሰራሁ፣ ሰራሽ፣ ትሰራላችሁ፣ አልሰራችም፣ እየሰሩ... ማለቂያ የለውም፣ አንቺ ግን ሳታስቢ ትወጪዋለሽ። እንግሊዝኛው ቨርቡ ላይ ብዙም አይሰራም። ጣጣው ያለው ከቨርቡ በፊት የሚመጡት ረዳት ቃላት ላይ ነው።

ረዳቶቹ ደግሞ ደንባቸው አጭር ነው። ከ"ቢ" ቤተሰብ ማለትም ከአም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዋዝ፣ ወር፣ ቢን ቀጥሎ ወርኪንግ ይመጣል። ከሃቭ፣ ሃዝና ሃድ ቀጥሎ ወርክድ። ከዱ፣ ደዝ፣ ዲድ፣ ዊል፣ ካን ቀጥሎ ምንም ያልተቀጠለበት ወርክ። (ከ"ቢ" ቀጥሎ "ኢዲ" ያለው ከመጣ ተደራጊ ይሆናል፣ እሱ ሌላ ታሪክ ስለሆነ አሁን አንግባበት።) አሁን ያንን ሁሉም የሚፈራውን ረጅሙን እይው፦ "አይ ዊል ሃቭ ቢን ወርኪንግ"። ዊል ስላለ ሃቭ ሳይቀየር መጣ፣ ሃቭ ስላለ ቢን (ከሃቭ ቀጥሎ የሚመጣው የ"ቢ" መልክ፣ እንደ ወርክድ) መጣ፣ ቢን ስላለ ወርኪንግ መጣ። እያንዳንዱ የሚወስነው ከጎኑ ያለውን ብቻ ነው። ይሄን ካየሽ የምትሸመድጂው ነገር የለም።

"ዲድ ዩ ወርክድ" የሚለው ስህተትም እዚሁ ይፈታል። ያለፈ መሆኑን ዲድ ተናግሮታል፣ ቨርቡ ድጋሚ መናገር የለበትም። "ሺ ደዝንት ወርክስ"ም ያው ነው፣ "ኤስ"ዋን ደዝ ወስዷታል። ያለ ረዳት "ሺ ወርክስ" ስትዪ ግን ያቺን "ኤስ" አትርሺያት። ደንቡን የማያውቅ የለም፣ ሲናገር የማይረሳት ደግሞ ጥቂት ነው።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። የሚከብደው የትኛውን መቼ እንደምትጠቀሚ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛችን ይጎትተናል። እኛ "ትናንት ሰርቻለሁ" ብንል ምንም ችግር የለውም። ስለዚህ አፋችን ላይ "አይ ሃቭ ወርክድ የስተርደይ" ይመጣል። እንግሊዝኛ ይሄን አይቀበልም። ጊዜው ተዘግቶ ካለቀ፣ ትናንት ይሁን ባለፈው ሳምንት ወይም በ2015፣ "አይ ወርክድ" ነው። ሃቭ የሚመጣው ጉዳዩ ከአሁን ጋር ሲያያዝ ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሆነሽ አስቢው። "አይ ወርክድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ" ካልሽ ጠያቂው ለቀሻል ብሎ ይረዳል። አሁንም እዛው ከሆንሽ "አይ ሃቭ ወርክድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ" ነው። እና እባክሽ "አይ አም ወርኪንግ ዜር ሲንስ ፋይቭ ይርስ" አትበይ፣ ይሄ "ከጀመርኩ 5 ዓመቴ ነው" ከሚለው ቀጥታ የተገለበጠ ነው። ፎር የቆይታውን ርዝመት ይወስዳል፣ ሲንስ የተጀመረበትን ጊዜ፦ ሲንስ 2019፣ ሲንስ መንደይ።

"ነበር"ም እንዲሁ ያሳስታል። "ደውዬልህ ነበር" ለማለት ብዙ ሰው "አይ ሃድ ኮልድ ዩ" ይላል። ዝም ብሎ "አይ ኮልድ ዩ" ይበቃል። ሃድ የሚያስፈልገው ሁለት ያለፉ ነገሮች ኖረው አንዱ ከሌላው መቅደሙን ማሳየት ስትፈልጊ ነው፣ "ስትደውል ጨርሼ ነበር" እንደሚባለው፦ "ዌን ሺ ኮልድ፣ አይ ሃድ ፊኒሽድ"።

"እሰራለሁ" ደግሞ ለልማድም ለወደፊትም ያገለግለናል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ሁሌ የምትሰሪ ከሆነ "አይ ወርክ"፣ ነገ ልትሰሪ አስቀድመሽ የያዝሽው ፕሮግራም ከሆነ "አይ አም ወርኪንግ ቱሞሮው"፣ አሁን እዚሁ ወስነሽ ወይም ቃል እየገባሽ ከሆነ ዊል። ዋንት፣ ኖው (ማወቅ)፣ ኒድ የመሳሰሉትን ደግሞ በተለምዶ "አይኤንጂ" አትቀጥይባቸው፣ "እየፈለግኩ ነው" ስላልን "አይ አም ዋንቲንግ" አይባልም።

አጻጻፉ ላይ አልቆይም። "ኢዲ" ሲጨመር ስቶፕ "ፒ"ውን ይደግማል፣ ስተዲ "ዋይ"ዋን ወደ "አይ" ይቀይራል፣ ፕሌይ ከ"ዋይ" በፊት አናባቢ ስላለው አይቀየርም፣ ላይክ መጨረሻው "ኢ" ስለሆነ "ዲ" ብቻ ይበቃዋል። አነባበቡ ግን ችላ እየተባለ ነው። "ኢዲ" "ኢድ" ተብሎ የሚነበበው ቨርቡ በ"ት" ወይም በ"ድ" ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ነው፣ እንደ ዋንትድ እና ኒድድ። ወርክድ ሲነገር "ወርክት" ነው የሚመስለው፣ ሄልፕድም "ሄልፕት"። ፕሌይድ እና ክሊንድ በ"ድ" ያልቃሉ። "ወርኪድ" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ አንቺም ከለመድሽው ቶሎ ተይው።

ለልምምድ ከቴንስ ስም አትነሺ፣ ከጊዜ ቃል ተነሺ። ኤቭሪ ደይ፣ ናው፣ የስተርደይ፣ ሲንስ መንደይ፣ ቱሞሮው። በአንድ ቨርብ ለአምስቱም ስለ ራስሽ እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር አውጪ፣ በማግስቱ ቨርቡን ቀይሪ። ረጅሞቹን ፐርፌክት ኮንቲኒዩየሶች (እንደ "ሃቭ ቢን ወርኪንግ" ያሉትን) ለጊዜው ተያቸው፣ በተለይ የወደፊቱን። ወሬ ላይ እምብዛም አያስፈልግሽም። ዓረፍተ ነገሮቹን በስልክሽ ቅጂያቸውና ስታዳምጪ ሌላውን ሁሉ ትተሽ የቨርቡን መጨረሻ ብቻ ስሚ፣ "ኤስ"ዋ አለች ወይስ ተውጣለች፣ "ኢዲ"ው ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም።