ውሉን ከመፈረምህ በፊት የኅትመት አንቀጹን ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ኩባንያው የጋራ ምርምር ውል ልኮላችሁ «ለሁሉም የምንሰጠው ነው፣ ፈርሙና እንጀምር» ብሏል። አንተን ያስጨነቀህ ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) የማን ይሆናል የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ያቃጠለኝ ሌላ ቦታ ነው። የመግባቢያ ሰነድ ምንድን ነው፣ የምስጢር ስምምነት ምንድን ነው የሚለውን ታውቀዋለህ ብዬ ልለፈው።

1. የኅትመት አንቀጹን ፈልግ። ብዙ ጊዜ «ምስጢራዊነት» የሚል ርዕስ ሥር ተሸጉጦ ታገኘዋለህ። የእኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ውጤቱ ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ አይታተምም።» ሲያዩት ጨዋ ነው። ፈቃዱ በስንት ቀን ይሰጣል? አይልም። ካልመለሱስ? እሱንም አይልም። ይህንኑ ለሕግ ክፍላችን በጽሑፍ አመለከትኩ። «ዶክተር፣ እርስዎ ምርምርዎን ይሥሩ፣ ውሉን ለእኛ ይተዉት» አሉኝ። እነሱም ተዉት።

ዋጋውን የከፈለችው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ናት። ሥራዋን ጨርሳ ጽሑፉን ላክንላቸው። «እየታየ ነው» አሉ። ኢሜይል ስንጽፍ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። ስንደውል ሥራ ለቅቋል። የተተካው ደግሞ ፋይሉን አላገኘውም። ውጤቱ ምርታቸውን የሚያሞግስ አልነበረም፣ ነገሩ ወዲህ ነው። በመጨረሻ ጽሑፉ ሲመለስ ሠንጠረዥ 3 ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዟል። ጠርዙ ላይ አንድ ቃል እንኳ የለም። እንግዲህ ያለ ሠንጠረዥ 3 ምኑ ይታተማል? አብረዋት የጀመሩት ተመርቀው ሥራ ሲይዙ እሷ የሰው ፊርማ ትጠብቅ ነበር።

እኛ ብቻ ነን እንዳትል። ቤቲ ዶንግ የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪ በመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ አንድ ውድ የታይሮይድ መድኃኒት ከሌሎች ጋር አወዳድራ ነበር። ርካሾቹ አያንሱም የሚል ውጤት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው ውል ውስጥ ግን ያው «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ» የሚል አንቀጽ ነበረበት። ጽሑፉ በ1995 መጀመሪያ ሊወጣ ሲል በዚሁ አንቀጽ ምክንያት ከኅትመት ተነሣ፣ የታተመው በ1997 ነው። እንግዲህ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ከሆነ እኛማ!

እውነቱን ለመናገር ግን የኩባንያው ስጋት ሁሉ ሰበብ አይደለም። በብዙ አገር፣ አውሮፓን ጨምሮ፣ ማመልከቻ ሳይገባ ግኝቱ ከታተመ ፓተንቱ ይቀራል። ስለዚህ ጊዜ ስጣቸው፣ የመከልከል ሥልጣን ግን አትስጣቸው። እኔ በሚቀጥለው ውላችን ላይ ያስገባሁት ይህን ነው፦ ጽሑፉን ለማየት 30 ቀን፣ ፓተንት ማስገባት እንፈልጋለን ብለው በጽሑፍ ከጠየቁ እስከ 90 ቀን፣ ዝም ካሉ እንደፈቀዱ ይቆጠራል። ማስወጣት የሚችሉት ራሳቸው የሰጡንን ምስጢር እንጂ እኛ ያገኘነውን ውጤት አይደለም። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም ለብቻው ተጻፈ፣ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት ቀን በምንም ምክንያት አይዘገይም ተብሎ።

የኩባንያው ጠበቃ «እንዲህ ያለ አንቀጽ አይተን አናውቅም» አለ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ የሚያወጣቸውን «ላምበርት» የሚባሉ ሞዴል ውሎች ከፍቼ አሳየሁት። ባለቤትነቱ ለዩኒቨርሲቲው የሆነበትም ለኩባንያው የሆነበትም ዓይነት አለ፣ ስለዚህ አንተም አውርድና አማርጥ። ጠበቃው ሁለት ቃል ቀየረና ተቀበለ። አሁን ያቺን አንቀጽ ያኔ «ለእኛ ይተዉት» ያለኝ የሕግ ክፍል ራሱ ለሌሎች ያድላታል። አመሰግናለሁ ያለኝ ግን የለም።

2. ከውሉ በፊት የነበረህን ሁሉ በአባሪ ዘርዝር፤ ሶፍትዌሩን፣ ዳታውን፣ ናሙናውን። በኋላ «ይሄ ከእኛ ገንዘብ የመጣ ነው» ሲሉህ አባሪውን ታወጣለህ።

3. ኩባንያው ቤት ስትሄድ በር ላይ የሚሰጥህን ወረቀት አንብብ። አንድ የስታንፎርድ ተመራማሪ ሴተስ የሚባል ኩባንያ ፒሲአር (ዲኤንኤን የሚያባዛ የላቦራቶሪ ዘዴ) ሊማር ሄዶ የጎብኚ ምስጢር ስምምነት ፈረመ። ወረቀቱ ተመራማሪው በሚፈጥረው ነገር ላይ ያለውን መብት ለኩባንያው ያስተላልፍ ነበር። የሴተስን የፒሲአር ሥራ ሮሽ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ገዛው፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስታንፎርድ ላይ ፈረደበት። ስለዚህ ተማሪዎችህ ለጉብኝት ሲሄዱ ምን እንደሚፈርሙ አስቀድመህ ጠይቅ። የእኔዋ ተማሪ አሁን ካነበበች በኋላ እንኳ ፎቶ አንስታ ሳትልክልኝ አትፈርምም፣ እንዲያው ነገሩ አስመርሯት።

4. ክፍያው ሪፖርት ከማስረከብ ጋር ይታሰር፣ «አጥጋቢ ውጤት» ከሚል ነገር ጋር አይታሰር። ኩባንያው መሀል ላይ ቢያቋርጥም የተማሪው ክፍያ እስከ መመረቂያው እንዲቀጥል አስጽፍ። እዚህ ላይ ይከራከሩሃል፣ አትልቀቅ።

የኅትመት አንቀጹን የኩባንያውን ስም አጥፍተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አየዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም ቢያጣድፍህ አትፈርም።