ናፒየር ማን ነበር? መቅደላስ እንዴት ደረሰ?

«የዐፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከወዲያ በኩል የነበረው ናፒየር ግን ማን ነው? ያን ሁሉ ጦር በዚያ ገደል እንዴት አሳለፈው? ዘረፋውንስ እሱ ነው ያዘዘው?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን የማውቀውን ልጻፍ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ። ስሙን ስትፈልግም ሲንድን ከያዘው ከቻርልስ ናፒየር ጋር እንዳታምታታው፤ የእኛው ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ሰውየው መሐንዲስ መሆኑ ነው። ዘመቻው የሚገባህ ከዚህ ስትነሣ ነው። በ1810 ኮሎምቦ ተወለደ፤ በ1826 ከቤንጋል መሐንዲሶች ጦር ገባ። ሕንድ ውስጥ የመስኖ ቦይ አስቆፈረ፣ የዳርጂሊንግን ከተማና የአምባላን የጦር ሰፈር ቀየሰ፣ ፑንጃብ በእንግሊዝ እጅ ከገባች በኋላ መንገዷንና ቦይዋን አሠራ። ውጊያም አልጎደለውም፤ በሲክ ጦርነቶችና በላክናው ቆስሏል፣ በ1860 ቻይና ላይ አንድ ክፍለ ጦር መርቷል። በ1865 የቦምቤ ሠራዊት ዋና አዛዥ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን የእንግሊዙን ኮንሱል ካሜሮንንና ሌሎቹን እስረኞች ለማስፈታት በ1867 ዘመቻ ሲወሰን ጦሩ የሚነሣው ከቦምቤ ስለነበር ሥራው ለእሱ ተሰጠ።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ጦሩ ከወረደባት ከቀይ ባሕር ዳርቻዋ ከዙላ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተንቀሳቀሰው 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ፣ ከ40,000 በላይ የጋማና የጭነት ከብት፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ጭምር ነው። ቀዳሚው ቡድን ዙላ የወረደው በጥቅምት 1867 ነው፤ ናፒየር ራሱ የደረሰው በጥር መጀመሪያ ነው።

ዙላ ላይ ትልቁ ችግር ውሃ ነበር። ዳርቻው ምድረ በዳ ነው። መርከቦቹ የባሕር ውሃ በማሞቂያቸው አፍልተው እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ የሚጠጣ ውሃ ያወጡ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጫፉ ሹል የሆነና ጎኑ የተበሳሳ የብረት ቧንቧ መሬት ውስጥ እየመቱ በፓምፕ ይስቡ ነበር፤ እንግሊዞች ይህን ዓይነት ጉድጓድ ከዚያ ወዲህ «የአቢሲኒያ ጉድጓድ» ይሉታል። መርከብ ማራገፊያ ድልድይ ሠሩ፣ ከዙላ እስከ ኩማይሊ ተራራ ሥር 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘረጉ፣ ከዚያ ወደ ሰንዓፈ የሚወጣውን ጠባብ ሸለቆ ድንጋዩን እየፈነቀሉ ጋሪ አሳለፉበት። የቴሌግራፍ ሽቦም ተከተላቸው።

ክፉኛ የተበላሸው የበቅሎው ነገር ነው። ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከስፔን፣ ከሕንድ ተገዝተው ዙላ ሲራገፉ ውሃው አልበቃም፣ ማሰሪያና ኮርቻው ገና አልተሟላም፣ ከየወደቡ የተለቀሙት ነጂዎችም ከብት አያውቁም። በቅሎዎቹ በጥም እየበረገጉ ተበተኑ፣ የዳርቻው በሽታ ተጨመረባቸው፣ በብዛት አለቁ። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው፤ ውሃና ማራገፊያ ሳይዘጋጅ ከብት ወረደ። ናፒየር ዙላ ሳይደርስ የተጀመረ ቢሆንም የጉዞውን ፍጥነት ለወራት ያሰረው ይኸው ጥፋት ነው። ናፒየር በመንገዱ ላይ ላት ከሚባል ቦታ ሲደርስ ጓዙንና ድንኳኑን ቀንሶ፣ ለወታደሩ ራሱ ሸክም ያካፈለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጠመንጃው ይልቅ መንገዱን የከፈተለት ግን ጠገራ ብር ነው ብል አላጋነንኩም። የ1780 ቁጥር ያለበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ቪየና ላይ እየታተመ መጣለት። እህል፣ ድርቆሽ፣ እንጨት፣ የሸክም ሥራ፣ ሁሉም በዚያ ተከፈለ። ወታደሩ ከገበሬ እንዳይነጥቅ ተከለከለ። በየደረሰበትም «እስረኞቼን አስፈትቼ እመለሳለሁ፣ አገር አልይዝም» አለ፤ በየካቲት ከትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ሲገናኝም ቃሉ ይኸው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመኳንንቱ ጋር ተጣልተው፣ ግዛታቸው ከእጃቸው ወጥቶ ስለነበር በመንገድ ላይ የገጠመው የለም። ያ ባይሆን ኖሮ ያ ረጅም የስንቅ መሥመር በየሸለቆው ይቆረጥ ነበር፤ ከ13,000ው አብዛኛው መቅደላ ያልደረሰውም ይህንኑ መሥመርና መጋዘን ሲጠብቅ ስለቀረ ነው።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ የጅጣ ገደል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ወቅት ጋፋት ላይ የተሠራውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ነበር። ለመድፉ ሲሉ በጅጣና በበሽሎ ገደል መንገድ ቀደዱ፤ ድንጋይ እየተሸከሙ ራሳቸውም ሠርተዋል። የእንግሊዝ መሐንዲሶች እዚያ ሲደርሱ መንገዱ ተሠርቶ ጠበቃቸው፣ አደነቁት፣ ወረዱበት። ንጉሡ መቅደላ የደረሱት ከናፒየር ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው ብቻ ነው።

ከመቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ የተደረገው ውጊያ ሚያዝያ 10 ቀን 1868 (ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.)፣ ዓርብ ስቅለት ዋለ። የእንግሊዞቹ ጓዝና መድፍ ያለ በቂ ጠባቂ ከሸለቆው ሲወጣ የንጉሡ ጦር ከነበረበት ከፋላ ኮረብታ ላይ ታየ፤ ቦታው ተይዟል የሚለው መረጃ ስሕተት ነበር። የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ወረዱባቸው። ናፒየር ሮኬተኞቹንና 4ኛውን ሬጅመንት አጣድፎ አቀረበ። ስናይደር ጠመንጃ ከኋላው ስለሚጎርስ በደቂቃ 10 ያህል ይተኩሳል፤ የእኛዎቹ ጠመንጃ በአፉ የሚጎርስ፣ ቀሪው ጦርና ጋሻ ነው። ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ነው፣ ከነሱም 2 ሞቱ።

ከዚያ እስረኞቹ ተለቀቁ። ለፋሲካ ንጉሡ ከብት ቢልኩ ናፒየር አልተቀበለም፤ ተቀብሏል ተብለው አምነው የነበሩት ንጉሥ መልሱ ሲደርሳቸው ተስፋ ቆረጡ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አምባው ተጠቃ። የሚያሳዝነውና የሚገርመው መሐንዲሶቹ ኮኬት በር ሲደርሱ ባሩድም መሰላልም ረስተው መምጣታቸው ነው። የ33ኛው ሬጅመንት ሰዎች በአጥሩ ተንጠላጥለው ገቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰውተው ተገኙ።

ዘረፋው ወታደሩ እንደገባ ተጀመረ። ናፒየር ዕቃውን አሰብስቦ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ አሸጠው፣ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ የተጫነው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ፣ ታቦት፣ ጽዋና አክሊል ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ እዚያው ሆኖ ይገዛ ነበር። ስለዚህ «አላዘዘም» ቢባል እንኳ ሥርዓት ያወጣለት፣ ያስጫነውም እሱ ነው፤ ከዚህ ኃላፊነት ላድነው አልሞክርም። አምባው ሚያዝያ 17 ቀን 1868 ተቃጠለ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ፣ ልጅ ዓለማየሁ ተወስዶ በ1879 እንግሊዝ አገር ሞተ። ለደጃዝማች ካሣ የተተወው መድፍና ጠመንጃ በ1871 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ለማሸነፍና ዮሐንስ 4ኛ ሆነው ለመንገሥ ረድቷቸዋል።

ናፒየር «የመቅደላ ባሮን» ተባለ፣ የሕንድ ሠራዊት ዋና አዛዥ፣ ኋላም የጅብራልታር ገዢ፣ በ1883 ፊልድ ማርሻል ሆነ፤ በ1890 ሞቶ ለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። ዛሬ ቅርስ ይመለስ ለሚሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1871 ለፓርላማ ሲናገር፣ የወርቅ አክሊሉና ጽዋው ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ እንዲቀመጡ ናፒየር ራሱ ሐሳብ ማቅረቡን ገልጾ ነበር። ሁለቱም አሁን ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው።