«ያዢው!» ሲሉሽ ዝም አትበዪ

እህቴ፣ «የ3 ዓመት ልጄ ጆሮ ውስጥ የገባ ነገር ነገ ሊወጣላት ነው፤ እንዳያማት ምን ላድርግ?» ያልሽውን ሳነብ የልጄ ለቅሶ ትዝ አለኝ። ምን እንደገባ አልጻፍሽም። የኔው ሽምብራ ነበር፤ ያንቺም ከዚያ አይርቅም ብዬ ልመልስልሽ።

1. ፓራሲታሞል ሽሮፕ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድመሽ ስጫት። መጠኑ በኪሎዋ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም። 12 ኪሎ ከሆነች 180 ሚሊግራም ማለት ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት እንዳለ ጠርሙሱ ላይ አንብቢ፤ ይለያያል።

2. ውሃ እንዳያስገቡባት። ጥራጥሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ካርድ አውጥቼ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ባለሙያው ምን እንደገባ እንኳን ሳይጠይቅ በሲሪንጅ ውሃ ለቀቀበት። ከዚያ በመቆንጠጫ ቆፈረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የጆሮ ውስጠኛው ክፍል ቆዳው ስስ ነው፤ አጥንት ላይ ነው የተለጠፈው፤ ትንሽ ሲነካ እንኳን አያስችልም። ልጄ እሪ ሲል «ያዢው እንጂ! እናት ሆነሽ መያዝ ያቅትሻል?» አለኝ። ደም ሲያይ ነው ያቆመው። ክፍያውን ግን አልቀነሱልኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ «በቃ» አለማለቴ ነው። ልጅ አንዴ ከፈራ ሁለተኛ አይቀመጥም።

3. ማይክሮስኮፕ ያለው ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ። እኛ በማግስቱ አራት ኪሎ አካባቢ አገኘን። ሽሮፑን ከቤት ስንወጣ ሰጥቼዋለሁ። ሐኪሟ መጀመሪያ የያዘውን አሻንጉሊት ጆሮ አየችለት። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ እግሮቹ በእግሮቼ መሃል፣ አንድ እጄ እጆቹን አቅፎ፣ ሌላው ግንባሩን ደረቴ ላይ ደግፎ። ማታ ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አስለምጄው ነበር። «አያምህም» ብዬ አልዋሸሁትም፤ «ትንሽ ይቆረቁርሃል፣ እስከ አስር እንቆጥራለን» አልኩት። ሰባት ላይ ሽምብራው ወጣ። «ጎበዝ እናት» ያለችኝን አልረሳውም።

አልቀመጥም ካለች አጭር ማደንዘዣ አለ፤ ነውር የለውም። ግን ባዶ ሆድ ስለሚጠይቅ፣ ምግብም ሽሮፕም ሳትሰጫት ደውለሽ ጠይቂ።

የገባው ክብ የሰዓት ወይም የመጫወቻ ባትሪ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። በሰዓታት ውስጥ ጆሮዋን ያቃጥላል። ነገን አትጠብቂ፤ ዛሬ ማታውኑ ይዘሻት ሂጂ።