ልጄ ስፔን ሄጄ ልማር ትላለች፤ ማን ይከፍላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ለጥቂት ጊዜ ሌላ አገር ሄዶ ስለሚማርበት ስተዲ አብሮድ። ለማታውቁኝ፣ የምሠራው እዚሁ አሜሪካ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የስተዲ አብሮድ ቢሮ ውስጥ ነው። የየዩኒቨርሲቲው ደንብ ይለያያል። የፌዴራል መንግሥቱ ሕግ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ብዙ ወላጅ የማያውቀውም እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትልቋ ልጄ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች፤ ፐብሊክ ኸልዝ (የኅብረተሰብ ጤና) ነው የምትማረው። ወጪዋን የምንሸፍነው ፔል ግራንት በሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታና በብድር ነው። አሁን በመጪው መስከረም ስፔን ሄጄ አንድ ሴሚስተር ልማር ብላ ይዛኛለች። አባቷ «ይሄ የሀብታም ልጅ ነገር ነው፤ እርዳታውም ይቋረጥብናል» ይላል። እኔ ደግሞ የምሰጋው ለግሪን ካርዷ ነው። ፓስፖርቷ ገና የኢትዮጵያ ነው። ትምህርቷስ ወደ ኋላ አይቀርም? ምን ልበላት? — እናት ነኝ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባቷ የሚነገረውን ላስቀድም። እርዳታው አይቋረጥም። የፌዴራሉ ሕግ ግልጽ ነው፤ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ውጭ የምትወስደውን ትምህርት ለዲግሪዋ እቆጥረዋለሁ ብሎ ካጸደቀ፣ ፔል ግራንቱም የፌዴራል ብድሩም አብሯት ይሄዳል። ፔል ግራንት በ2025-26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ የአንድ ሴሚስተር ድርሻው የዚያ ግማሽ ይሆናል። ከዚህም አልፎ፣ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ቪዛውንና የውጭውን የኑሮ ወጪ በበጀቷ ውስጥ አስገብቶ እንዲያሰላላት መጠየቅ ትችላለች። ካልጠየቀች ግን ማንም መጥቶ አይነግራትም። የሀብታም ልጆች ወላጆቻቸው ስለሚጠይቁላቸው ይሄዳሉ። የእኛ ልጆች ደግሞ «አይመለከተንም» ብለው ቢሯችን ደጃፍ ሳይደርሱ ይቀራሉ። በሥራዬ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

አባቷ የሰጋበት ነገር ግን አንድ እውነት አለው። የፌዴራሉ ገንዘብ ሴሚስተሩ ሊጀመር 10 ቀን ከመቅረቱ በፊት አይለቀቅም። ቀብዱ፣ ትኬቱ፣ የቪዛው ክፍያ የሚጠየቀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ባይጎድላችሁም ጊዜው አይገጥምም። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከአሁኑ ለብቻው ይቀመጥ፤ እቁብ የምትጥሉ ከሆነ ግንቦት አካባቢ እንዲደርሳችሁ ተነጋገሩ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ለሚያገኝ ተማሪ ቀብዱን ያዘገይለታል። ይሄንንም ትጠይቅ።

ቀጥሎ፣ የምትሄድበትን መንገድ አጥሩ። «ስፔን» ማለት ብቻ አይበቃም። የልውውጥ ፕሮግራም ከሆነ፣ የትምህርት ክፍያውን የምትከፍለው እዚሁ ለራሷ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ወንበሩን ታገኛለች። ለሜሪላንድ ነዋሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ እሱ ነው። በሦስተኛ ወገን ድርጅት በኩል የሚሄድ ፕሮግራም ግን ዋጋውን የሚተምነው ድርጅቱ ነው፤ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እርዳታዋ እንዲለቀቅም በሁለቱ ተቋማት መሀል የተፈረመ ስምምነት ያስፈልጋል። ፎቶውና ቪዲዮው የሚያምረው ብዙ ጊዜ የድርጅቶቹ ነው። ልጅሽ የያዘችው የትኛውን እንደሆነ ዛሬ ማታ ጠይቂያት።

ወደ ኋላ ትቀራለች ወይ ላልሽው፣ መልሱ ያለው አንድ ወረቀት ላይ ነው። የኮርስ ማጽደቂያ ፎርም ይባላል። በግራ በኩል እዚያ የምትወስደው ኮርስ ስም ይጻፋል። በቀኝ በኩል እዚህ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደሚያዝላት። ከጎኑ የዲፓርትመንቱ ፊርማ። አሁን ኦንላይን የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ከመሄዷ በፊት ሁሉም መስመር ይፈረም። «እሱ ችግር የለውም፣ ስትመለሺ እናስተካክላለን» ያላት አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ካለ ፈገግ ብላ አመስግና ፎርሙን ትስጠው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። እዚያ የወሰደው ስታቲስቲክስ እዚህ ካለው የሚከብድ ነው። ግን ዲፓርትመንቱ አስቀድሞ ስላልፈረመለት እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ተያዘለት። ያንኑ ስታቲስቲክስ ሰመር ላይ ከኪሱ ከፍሎ ደገመው።

ስለዚህ አራት ኮርስ የምትወስድ ቢሆንም ሰባት ስምንት ታስፈርም። እዚያ ስትደርስ አንዱ ይሞላል፣ ሌላው በዚያ ሴሚስተር አይሰጥም፣ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሰዓት ይጋጫሉ። የአውሮፓ ክሬዲትም ከአሜሪካው ይለያል። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን የአውሮፓ በአንድ የአሜሪካ ይመነዝራል። እርዳታዋ ሳይቀነስ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ያስፈልጋታል፤ እዚያ 24 መሆኑ ነው። እዚያ ደርሳ «ሦስት ኮርስ ይበቃኛል» ብትል እርዳታዋ ይነካል። ፐብሊክ ኸልዝ ላይ ደግሞ በቅደም ተከተል የሚወሰዱ ኮርሶች አሉ። የትኛው ሴሚስተር ቢያመልጣት ምርቃቷን እንደማይገፋው አድቫይዘሯ ቁጭ ብላ ታሳያት። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻዎቹን 30 ክሬዲቶች እኔው ጋ ውሰጂ ስለሚል፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ መሄዷ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ስጋት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለአንድ ሴሚስተር ወጥቶ መመለስ ይችላል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ስድስት ወር እንዳያልፍ ነው። ካለፈ ለዜግነት የሚቆጠረው የነዋሪነት ጊዜ ተቋርጧል ሊባል ይችላል። ዓመት ከደፈነ ደግሞ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ መውሰድ ግድ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አራት ወር ገደማ ነው፤ በዚህ በኩል አሳሳቢ ነገር የለም። «እግረ መንገዴን አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ልክረም» ካለች ግን ቀኑን ቁጠሩ።

የበለጠ የሚያለፋችሁ የስፔን ቪዛ ነው። ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ተማሪ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውም የተማሪ ቪዛ ያወጣል፤ በዚህ ከጓደኞቿ ጋር እኩል ናት። ልዩነቱ ፓስፖርቷ ላይ ነው። የሚያበቃበትን ቀን ዛሬ እዩት። ሴሚስተሩን በደንብ አልፎ የማይሄድ ከሆነ እድሳቱን አሁኑኑ ጀምሩ፤ የቪዛ ቀጠሮ ተይዞ ፓስፖርት መጠበቅ ያስለቅሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጊልማን የሚባል የፌዴራል ስኮላርሺፕ አለ። ፔል ግራንት ለሚያገኙ ተማሪዎች ለስተዲ አብሮድ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ልጅሽ ግሪን ካርዷን ካገኘች አምስት ዓመት እየሞላት ከሆነ፣ የዜግነት ማመልከቻ አምስቱ ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። ጉዞውን አንድ ሴሚስተር ገፍታ ዜግነቷን ብታስቀድም ገንዘቡም የፓስፖርቱም ጉዳይ ይቀልላታል። እኔ ብሆን ይሄንን በደንብ አስብበታለሁ። ይሄ የማይሆን ከሆነ ግን ትሂድ። ለመስከረም ሴሚስተር ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው የካቲትና መጋቢት ላይ መሆኑን አትርሱ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ መጥቼ ሚኒሶታ እማራለሁ። ዩኒቨርሲቲዬ ለንደን የአንድ ሴሚስተር ፕሮግራም አለው። እንደ እኔ ላለ ተማሪ ይፈቀዳል? — ሦስተኛ ዓመት ተማሪ

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲው ይፈቅድልሃል። እኔን የሚያሳስበኝ መመለሻህ ነው። ፓስፖርትህን አውጣና ቪዛው ላይ ያለውን ተመልከት። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ወይም ቀኑ ካለፈ፣ ከለንደን ስትመለስ አዲስ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልግሃል። የአሜሪካ መንግሥት ከፈረንጆቹ 2025 መስከረም ጀምሮ የቪዛ አመልካቾች በዜግነታቸው ወይም በመኖሪያቸው አገር እንዲያመለክቱ እያለ ነው። ይሄ ማለት ምናልባት አዲስ አበባ ሄደህ ቀጠሮ ትጠብቃለህ ማለት ነው፤ በጥር የሚጀምረው ሴሚስተር ደግሞ አይጠብቅህም። ቪዛህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባና ቀኑ ያላለፈ ከሆነ ግን መንገድህ ክፍት ነው። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሄደህ የተማሪነት መዝገብህ ሳይዘጋ እንዲቆይ አስደርግ፤ ዩኒቨርሲቲው በሰጠህ አይ-20 በሚባለው ሰነድ ላይም የጉዞ ፊርማ ይኑር። የእንግሊዝ ቪዛም ታወጣለህ። ስኮላርሺፕ ካለህ ውጭም እንደሚሠራ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ከግቢ ስትወጣ የሚቆም ስኮላርሺፕ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ታሪክ አስተምራለሁ። ለሰመር ዐሥር ያህል ተማሪዎች ይዤ ለሦስት ሳምንት ጎንደርና ላሊበላ መሄድ አስቤያለሁ። እህቴ አዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ስላላት መኪናና ሆቴሉን በጥሩ ዋጋ ትይዝልኛለች። ከየት ልጀምር? — መምህር

መልስ፦ ዶክተር፣ ሐሳብዎ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ መልኩ አይጸድቅልዎትም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገሮችን ለተጓዥ ባላቸው ስጋት ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። በቅርብ ዓመታት ኢትዮጵያ በጠቅላላው ደረጃ 3 ላይ ነበረች፤ የአማራ ክልል ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ «አትሂዱ» (ደረጃ 4) ከተባሉት አካባቢዎች ገብቷል። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ደረጃ 3ን በኮሚቴ ያያል፤ ደረጃ 4 ላይ ተማሪ አይልክም። ጎንደርን እንደ እጅዎ መዳፍ ቢያውቋትም ኮሚቴው የሚያየው ወረቀቱን ነው። መድን ሰጪውም እንደዚያው።

እኔ የምመክርዎት ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ላይ እንዲገነቡት ነው። ለታሪክ ተማሪ ስድስት ኪሎ ብቻውን ብዙ ሳምንት ይበላል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። የብራና መጻሕፍቱ አሉ፣ ብሔራዊ ሙዚየም በእግር ይደረሳል፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ። ጎንደር ጊዜው ሲፈቅድ ይታከላል።

ማመልከቻውን ከጉዞው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድመው ይያዙ። የዲፓርትመንት ኃላፊዎ ይፈርማሉ፤ ከዚያ ዲኑ፣ ከዚያ እንደ እኛ ያለው የስተዲ አብሮድ ቢሮ። ሦስት ክሬዲት ከፈለጉ ወደ 45 ሰዓት ትምህርት በጊዜ ሰሌዳው ላይ መታየት አለበት። ሙዚየም መዞሩ የሚቆጠረው ሥራ ሲያያዝበት ነው፤ «ነጻ ጉብኝት» የሚል ቀን በዛ ካልን እንመልሰዋለን። ሁለተኛ መሪም ያስፈልግዎታል። አንድ ተማሪ ሌሊት ሆስፒታል ቢገባ እርስዎ አብረውት ያድራሉ፤ ቀሪዎቹን ጠዋት ማን ይዟቸው ይወጣል? ሰመሩም የእኛ ክረምት መሆኑን ያስቡበት። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ የውጭ ፕሮግራም አይያዝም።

ስለ እህትዎ። ዝምድናውን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ያሳውቁ። ዋጋዋ ከሁሉ የረከሰ ቢሆንም ሳይነገር ቆይቶ ከተገኘ የጥቅም ግጭት ይባልና ፕሮግራሙም እርስዎም ትጎዳላችሁ። ካሳወቁ በኋላ የግዢ ክፍሉ የሌሎች ድርጅቶችን ዋጋ አብሮ ያያል፤ ውሳኔው የእርስዎ አይሆንም። ቢከብድም ለእህትዎ የሚበጀው ይሄ ነው። ተማሪዎች የሚከፍሉትም ሁሉ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይገባል እንጂ ዜል በሚባለው የገንዘብ መላኪያ ወደ እርስዎ አይላክም። እዚያ በጥሬ ብር ለሚወጣው ደግሞ፣ ለሙዚየም መግቢያም ለሾፌር አበልም፣ ደረሰኝ ይያዙ። ደረሰኝ የማይሰጥ ካለ ቀኑን፣ መጠኑንና ምክንያቱን ጽፈው ያስፈርሙት።

የመጨረሻው ነገር ከባዱ ነው። ተማሪ ጥቃት ደረሰብኝ ብላ ብትነግርዎት፣ የፕሮግራም መሪ እንደመሆንዎ ለዩኒቨርሲቲው የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት። ጥፋተኛው የአገር ሰው ወይም የወዳጅ ልጅ ቢሆን እንኳ በሽምግልና እንጨርሰው የሚባል ነገር የለም። የተማሪዋን ደኅንነት ይጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ያድርሷት፣ በዚያው ቀን በስተዲ አብሮድ ቢሮው የ24 ሰዓት ስልክ ይደውሉ። ይሄንን ለሹፌሩም፣ ለአስጎብኚውም፣ ለሁለተኛው መሪም ከጉዞው በፊት ይንገሯቸው።